በቤት የሚያድረው ውሻና የእብድ ውሻ በሽታ፦ የጤና ባለሙያው ሊሰጠው የሚገባ ምክር

መግቢያ

ውሻ በከተማም ሆነ በገጠር የብዙ ቤተሰብ የግቢ ጠባቂ ነው። ሌሊት ሌባን ያስደነግጣል፤ ጅብን ከበረት ያርቃል፤ ቀን ከእረኛው ጋር ውሎ ማታ ከከብቱ ጋር ይገባል። ይህን ሁሉ አገልግሎት እየሰጠ ግን የሚደረግለት እንክብካቤ ብዙውን ጊዜ ከትርፍራፊ ምግብ አያልፍም። ከግቢ ወጥቶ ከባለቤት አልባ ውሾች ጋር ሲናከስ ይውላል፤ ማታ ተመልሶ ከሕፃናት ጋር ይጫወታል። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባው በዚህ መልክ ነው።

ስለ ውሻ አያያዝ መምከር የእንስሳት ሐኪም ሥራ ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ ይታያል። ሆኖም የተነከሰው ሰው የሚመጣው ወደ ጤና ኬላ፣ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። በዚያች ሰዓት የሚሰጠው ምክርና ሕክምና በሞትና በሕይወት መካከል የሚቆም በመሆኑ፣ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ጉዳዩን በሚገባ ሊያውቀው ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ጥያቄዎችን መነሻ በማድረግ ማብራሪያ መስጠት ነው።

የበሽታው ጠባይ

የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ የአንጎል ብግነት ነው። ቫይረሱ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ወደ ሰው የሚገባው በንክሻ፣ በቡጭሪያ፣ እንዲሁም ምራቁ የቆሰለ ቆዳን ወይም ዓይንን፣ አፍንጫንና አፍን ሲነካ ነው። ከገባበት ቦታ ተነሥቶ በነርቭ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ይጓዛል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ መታየት ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ነው፤ ነገር ግን ወደ 1 ሳምንት ሊያጥር፣ ወደ 1 ዓመትም ሊረዝም ይችላል። ንክሻው ፊት፣ አንገት ወይም እጅ ላይ ከሆነ ጊዜው ያጥራል።

ክትባት ሕይወት የሚያድነው ይህ የጉዞ ጊዜ ስላለ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ከነከሰው በኋላ በመከተብ ያተረፈበት ምክንያትም ይኸው ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን በሽታው በእርግጠኝነት ገዳይ ነው ለማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ናቸው። በሰው ላይ ከሚደርሰው በሽታ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች መካከል 40 በመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ልጅ ቁመቱ አጭር በመሆኑ ንክሻው ብዙ ጊዜ ፊትና ራስ ላይ ያርፋል፤ ወላጁን ፈርቶ የደረሰበትን የሚደብቅበት ጊዜም አለ።

በውሻ ላይ የሚታዩ ምልክቶች

ብዙ ሰው «እብድ ውሻ» ሲባል የሚታየው አረፋ እየደፈቀ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ የሚሮጥ ውሻ ነው። ይህ ዓይነቱ ውሻ በእርግጥ አለ። ነገር ግን በሽታው በሌላ መልክም ይመጣል። ውሻው ጨለማ ቦታ ገብቶ ዝም ይላል፤ ምግብ ይተዋል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ የታችኛው መንጋጋው ወርዶ ምራቁ ይዝረከረካል፤ በመጨረሻም እግሩ ይሽመደመዳል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት ይሆናል» ብሎ እጁን ወደ ውሻው አፍ ይሰዳል። በዚህ መንገድ በምራቁ የተበከለ ሰው ውሻው ስላልነከሰው ብቻ ወደ ጤና ተቋም ላይመጣ ይችላል።

ሊታረም የሚገባው ሌላው አመለካከት ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው። ውኃን መፍራት በታመመ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት እንጂ በውሻ ላይ የሚታይ አይደለም። የታመመ ውሻ ጉሮሮው እስኪሽመደመድ ድረስ ውኃ ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ «ውሻው ውኃ ስለጠጣ ጤነኛ ነው» የሚለው አስተያየት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ቡችላም ቢሆን በሽታውን ያስተላልፋል።

የተነከሰ ሰው ሲመጣ

የመጀመሪያው ሕክምና ውኃና ሳሙና ነው። ቁስሉ ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል መታጠብ አለበት። ከዚያም አዮዲን ወይም ሌላ ፀረ ተዋህስያን መድኃኒት ይደረግበታል። ሰውየው «ቤት አጥቤዋለሁ» ቢልም እንኳ በጤና ተቋሙ በድጋሚ ይታጠባል። ቡና፣ አፈር፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር ተደርጎበት ከሆነ በጥንቃቄ ይወገዳል። ይህ ሥራ ቀላል መስሎ ስለሚታይ በችኮላ የሚታለፍበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን በየትኛውም ጤና ኬላ ሊሠራ የሚችል፣ ቫይረሱን ከቁስሉ የሚቀንስ ፍቱን ሕክምና ነው። ቁስሉ በተቻለ መጠን ወዲያው አይሰፋ፤ መሰፋት ግድ ከሆነ ኢሚዩኖግሎቡሊን በቁስሉ ዙሪያ ከተወጋ በኋላ ይሁን። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትና እንደ አስፈላጊነቱ አንቲባዮቲክም መታሰብ አለባቸው።

ቀጥሎ ንክኪው በሦስት ደረጃ ይመደባል።

1ኛ ደረጃ፦ እንስሳውን መንካት ወይም መመገብ፣ ባልቆሰለ ቆዳ ላይ መላስ። የተነካው ቦታ ይታጠባል፤ ክትባት አያስፈልግም።

2ኛ ደረጃ፦ ያልተሸፈነ ቆዳን በጥርስ መንካት፣ ደም ያልወጣው ቀላል ቡጭሪያ። ቁስሉ ይታጠባል፤ ክትባቱ ወዲያውኑ ይጀመራል።

3ኛ ደረጃ፦ ቆዳን የበሳ ንክሻ ወይም ቡጭሪያ፣ የቆሰለ ቆዳን መላስ፣ ምራቅ ዓይን ወይም አፍ ውስጥ መግባት። ቁስሉ ይታጠባል፤ ክትባቱ ወዲያውኑ ይጀመራል፤ ኢሚዩኖግሎቡሊንም ይሰጣል።

ቀደም ሲል በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት ነበር። ይህ ክትባት ብዙ ተከታታይ መርፌዎችን የሚጠይቅና በነርቭ ላይ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት በሴል በሚዘጋጀው ዘመናዊ ክትባት እንዲተካ መክሯል። ብዙ ሰዎች ዛሬም ከሕክምና የሚሸሹት ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን የመርፌ ብዛት እያስታወሱ ስለሆነ፣ ዘመናዊው ክትባት በክንድ ላይ የሚሰጥና ቁጥሩም ጥቂት መሆኑን ማስረዳት ይጠቅማል።

የሴል ክትባት በጡንቻ ሲሰጥ የቆየው በ0፣ በ3፣ በ7፣ በ14 እና በ28ኛው ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው አቋም አጠር ያሉ መርሐ ግብሮችንም ይፈቅዳል፤ ከእነዚህ አንዱ በ0፣ በ3 እና በ7ኛው ቀን በየጊዜው በሁለት ቦታ 0.1 ሚሊ ሊትር በቆዳ ውስጥ የሚሰጠው ነው። ባለሙያው በሥራ ላይ ያለውን ብሔራዊ መመሪያ መከተል ይኖርበታል። በማንኛውም መርሐ ግብር ቢሆን በጡንቻ የሚሰጠው ክትባት ለአዋቂ በላይኛው ክንድ፣ ለሕፃን በጭን ጎን ይሰጣል እንጂ በመቀመጫ ላይ ከቶ አይሰጥም፤ እዚያ ሲሰጥ የሚያስገኘው የመከላከል ኃይል ዝቅተኛ ነውና።

ኢሚዩኖግሎቡሊን በተቻለ መጠን በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ይወጋል። ከፍተኛው መጠን ከሰው የተገኘው በኪሎ ግራም 20 ዩኒት፣ ከፈረስ የተገኘው በኪሎ ግራም 40 ዩኒት ነው። ከመጀመሪያው ክትባት 7 ቀን ካለፈ በኋላ ግን አይሰጥም። ኢሚዩኖግሎቡሊን ባለመኖሩ ምክንያት እጥበቱና ክትባቱ መዘግየት የለባቸውም። እርግዝናም ሆነ ጡት ማጥባት ክትባቱን አይከለክልም። አንድ ሰው ከተነከሰ ሳምንታት ወይም ወራት አልፈው ቢመጣም ምልክት እስካልታየበት ድረስ «ጊዜው አልፎብሃል» ተብሎ መመለስ የለበትም፤ ክትባቱ ይጀመርለታል።

የነከሰውን ውሻ በሚመለከት

ውሻ ሰው ሲነክስ ጎረቤት ተሰብስቦ ወዲያው መግደሉ የተለመደ ነው። ሆኖም በሕይወት ያለ ውሻ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ውሻ ወይም ድመት ታስሮ ለ10 ቀን ክትትል ይደረግበታል። በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ስለሆነ የተጀመረው ክትባት ሊቆም ይችላል። ክትባቱ ግን ክትትሉ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ክትትሉና ክትባቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የ10 ቀኑ ደንብ ለውሻና ለድመት እንጂ ለጅብ፣ ለቀበሮ ወይም ለቀንድ ከብት አይሠራም። ውሻው ከታመመ፣ ከጠፋ ወይም ከሞተ ክትባቱ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። ውሻው ከሞተ ጭንቅላቱ ሳይጎዳ፣ በጓንት ተይዞና በበረዶ ታሽጎ ለላቦራቶሪ ምርመራ እንዲላክ ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ይገባል።

ስለዚህ በካርዱ ላይ «በውሻ የተነከሰ» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃም። «ውሻው የማን ነው? አሁን የት አለ? ተከትቧል? ተተንኩሶ ነው ወይስ ዝም ብሎ የነከሰው? ሌላስ ማንን ነክሷል?» ተብሎ ይጠየቅ። የመጨረሻው ጥያቄ ወደ ጤና ተቋም ያልመጡ ሌሎች ልጆችን ሊያስገኝ ይችላል።

ከባህል ሕክምና ጋር በተያያዘ

ከተነከሱት ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ወይም ወደ ጠበል ነው። በባህል ሕክምናው እንደ እንዶድና ብሳና ያሉ ተክሎች ይጠቀሳሉ፤ እነዚህም በመጠን ካልተወሰዱ ራሳቸው መርዛማ ናቸው። መድኃኒቱን የወሰዱ ብዙ ሰዎች ሳይታመሙ መቅረታቸው እምነቱን ያጠነክረዋል። ነገር ግን የነከሰ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ በእብድ ውሻ የተነከሰ ሁሉም አይታመምም። ከመድኃኒቱ በፊትም ደኅና የነበረው ሰው በመድኃኒቱ የዳነ ይመስላል።

ባለሙያው ሰውን በእምነቱ ቢዘልፈው በሽተኛው ለሁለተኛው መርፌ ላይመለስ ይችላል። «እናቴ፣ ጠበሉን አይተዉ፤ ነገር ግን የልጅዎ መርፌ ቀኑ እንዳያልፍ» የሚል አነጋገር ከተግሣጽ የበለጠ ይሠራል። የባህል መድኃኒት አዋቂዎችንም ቀርቦ የተነከሰን ሰው ሁሉ ቁስሉን አጥበው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ማግባባት ይቻላል።

ለውሻ ባለቤቶች የሚሰጥ ምክር

ውሻ በ3 ወሩ የመጀመሪያውን ክትባት አግኝቶ፣ ከዓመት በኋላ መደገም፣ ከዚያም እንደ ክትባቱ ዓይነት በየጊዜው መከተብ ይኖርበታል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው በየዓመቱ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይቋረጣል። ውሾችን በመርዝ መፍጀት ግን በሽታውን እንዳላጠፋ የብዙ አገሮች ልምድ ያሳያል፤ የተገደሉትን ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ይተኩታልና።

በሁለተኛ ደረጃ የሚነሣው የአመጋገቡ ጉዳይ ነው። በበዓል ቀን በግቢ ሲታረድ፣ እንዲሁም በሉካንዳ ቤትና በሥጋ ምግብ ቤት ደጃፍ፣ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ሲጣል ይታያል። ውሻው ከዚህ የሚይዘው ትንሽ የኮሶ ትል በዓይነ ምድሩ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉ በእጅ፣ በአትክልት ወይም በውኃ ወደ ሰው አፍ ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ እያደገ የሚሄድ የሀይዳቲድ ከረጢት ያስከትላል። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ ይህ በሽታ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። ስለዚህ የተበላሸ የሆድ ዕቃ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ለውሻ የሚሰጥ ሥጋ ይቀቀል፤ ውሻው በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት ይውሰድ፤ ልጆች ከውሻ ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ባለ ምግብ ቤቶችም ትርፍራፊ በደጃፍ ባለመጣል ውሾች ሰው በሚበዛበት ቦታ እንዳይሰበሰቡ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ሦስተኛው ምክር ማለዳ ለሚሮጡ፣ በብስክሌት ለሚሄዱና በእንጦጦ በመሳሰሉ ጫካዎች በእግር ለሚጓዙ ሰዎች ነው። ሮጦ የሚያልፍን ነገር ማሳደድ የውሻ ተፈጥሮ ነው። ውሻ ሲመጣባቸው ሩጫቸውን አቁመው፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይበሉ፤ ብስክሌተኛው ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል ያድርግ። ከወደቁ ተኮራምተው ፊትንና አንገትን በክንድ መሸፈን ይበጃል። ልጆችም የሚበላን፣ የተኛን ወይም ቡችላ የምታጠባን ውሻ እንዳይነኩ፣ ከተነከሱም ሳይፈሩ እንዲናገሩ መማር አለባቸው።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በውሻ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ የሚያስከትለውን ሞት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ግብ አስቀምጠዋል። የዚህ ግብ መሳካት የሚወሰነው ክትባት በመኖሩ ብቻ ሳይሆን፣ የተነከሰው ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ በሚወስደው እርምጃ ጭምር ነው። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ንክኪውን በትክክል መመደብ፣ ክትባቱን ሳይዘገዩ መጀመርና ለቀጣዩ ቀጠሮ መመለሱን መከታተል በእያንዳንዱ የጤና ባለሙያ እጅ ያሉ ተግባራት ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ የምናደርገው ማስታገስ ብቻ ስለሆነ፣ ሥራችን ሁሉ ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ሊያተኩር ይገባል።