የድሮው የባሩድ ሽጉጥና ያጌጠ እጀታው

በሙዚየም ወይም በጥንታዊ ዕቃ ሻጭ ዘንድ እጀታው በዝሆን ጥርስ ያጌጠ የድሮ ሽጉጥ አይተው ይሆናል። እንዴት ይሠራል? እጀታውስ ለምን ያን ያህል ያስወጣል? «ኮልት ኔቪ 1851» የሚባለውን እንደ ምሳሌ ወስደን አንድ በአንድ እንየው።

ይህ ሽጉጥ በአሜሪካ፣ ሐርትፎርድ ከተማ፣ ሳሙኤል ኮልት ባቋቋመው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1873 ተመርቷል። ሪቮልቨር ነው፤ ጥይት የሚጎርሰው ክፍሉ ይሽከረከራል ማለት ነው። ክፍሉ ሲሊንደር ይባላል። ስድስት ቀዳዳዎች አሉት። መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ሲስቡት ሲሊንደሩ ይዞርና ተከታዩ ቀዳዳ ከአፈሙዙ ጋር ይገጥማል።

ቀለህስ አለው? የለውም። በየቀዳዳው መጀመሪያ ባሩድ ይጨመራል፤ ከላዩ የእርሳስ አረር ይደረግና ከአፈሙዙ ሥር ባለው ዘንግ ይጠቀጠቃል። ከኋላ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋበታል። ቆቡ ሲመታ የሚፈነዳ ቅመም ይዟል። ምላጩ ሲሳብ መዶሻው ቆቡን ይመታል፤ እሳቱም ወደ ባሩዱ ይገባል።

ጥቁር ባሩድ የከሰል፣ የድኝና ፖታሲየም ናይትሬት የተባለ ጨው ድብልቅ ነው። ሲነድ ብዙ ጥቀርሻ ይተዋል። ጥቀርሻው እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ የተኮሰ ሰው ያኔውኑ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት አለበት።

አሁን ወደ እጀታው እንምጣ። አብዛኞቹ ዋልነት ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠሩ ነበሩ። አቅም ያለው የዝሆን ጥርስ ያዝዝ ነበር። የታዋቂው አሜሪካዊ ተኳሽ የዋይልድ ቢል ሂኮክ ጥንድ ኔቪ ሽጉጦች እጀታቸው እንዲህ ያለ ነበር።

አዲስ እጀታ ማሠራት ለምን ይወደዳል? እጀታው አንድ ወጥ ነው፤ ከፊትና ከኋላ በብረታ ብረት ክፈፍ ይታቀፋል። ክፈፉ በፋብሪካው በእጅ ስለተሞረደ አንዱ ሽጉጥ ከሌላው ትንሽ ይለያል። ባለሙያው ጥቂት እየሞረደ፣ እየለካ፣ ደግሞ እየሞረደ ይገጥመዋል። ቅርጹን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚከፍሉት ለዚህ ሰዓት ነው።

ጣሊያን ውስጥ የሚሠሩ አዳዲስ ቅጂዎች በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛሉ። የጥንቱ ግን ሺዎች ያወጣል። በዘመኑ የተሠራ ጌጥ ዋጋውን ይጨምራል፤ ኋላ የተጨመረ ጌጥ ግን ሊቀንሰው ይችላል። የቀድሞውን እጀታ ቢያስለውጡም አይጣሉት። የዝሆን ጥርስ ከሆነ ደግሞ ከመግዛትዎ በፊት ሕጉን ይጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከተላለፈው ውሳኔ ወዲህ ዓለም አቀፍ ንግዱ በአብዛኛው ታግዷል።

የመጨረሻው ምክር ከሁሉም ይበልጣል። ያማረ እጀታ እጅን ይጋብዛል። ነገር ግን ጥቁር ባሩድ ደርቆ ከቆየ መቶ ዓመት አልፎትም ይነዳል። ስድስቱም ቀዳዳ ባዶ መሆኑን ባለሙያ ሳያረጋግጥልዎ ሽጉጡን አያንሱ።