ቤትን የሚያቃጥለው የትኛው እሳት ነው?

ስለ ሰደድ እሳት ሲወራ በብዙዎቻችን ዐይነ ኅሊና የሚሣለው ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተሸጋገረ የሚገሰግስ ነበልባል ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በካሊፎርኒያ የፓራዳይዝን ከተማ ያወደመው እሳት 85 ሰዎችን ገድሎ ከ18 ሺህ በላይ ሕንፃዎችን አጥፍቷል። እሳቱ ካለፈ በኋላ በተነሡ ፎቶግራፎች ግን አንድ እንቆቅልሽ ይታያል፤ ቤቶቹ እስከ መሠረታቸው ነደው ሳለ፣ አጠገባቸው ያሉ ብዙ ዛፎች ቆመው ነበር፤ የአንዳንዶቹም ቅጠል አረንጓዴ ነበር። ለመሆኑ ዛፉን ያልፈጀ እሳት ቤቱን እንዴት ፈጀው?

መልሱን ከፊዚክስ እንፈልግ። እንጨት እንዲቀጣጠል በቂ ሙቀትን ለበቂ ጊዜ መቀበል አለበት። ከነበልባል በጨረር የሚደርሰው ሙቀት ደግሞ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጃክ ኮኸን በ1990ዎቹ መጨረሻ በካናዳ፣ ለሙከራ በተለኮሰ የደን እሳት ፊት የእንጨት ግድግዳዎችን አቁሞ ነበር። ከደኑ ጠርዝ 10 ሜትር ከራቁት አንዳንዶቹ ተቀጣጠሉ፤ 20 እና 30 ሜትር የራቁት ግን አልተቀጣጠሉም። ኃይለኛው ነበልባል በአንድ ስፍራ የሚቆየው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የራቀው ግድግዳ የሚበቃውን ሙቀት ሳያገኝ እሳቱ ያልፋል።

እንግዲያው ዋናው ጠላት ነፋስ ተሸክሞት የሚመጣው ፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪ በአሸንዳ ውስጥ በተከማቸ ደረቅ ቅጠል፣ ግድግዳ ተደግፎ በተከመረ ማገዶ ወይም በሣር ክዳን ላይ ሲያርፍ በዝግታ ግሞ ይቀጣጠላል። የቆርቆሮ ክዳን ቢሻልም፣ በክዳኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ፍንጣሪን ያስገባል።

ከሁሉ የሚዘነጋው ጎተራው፣ በረቱና የጭድ ክምሩ ነው። እነዚህ አንዴ ከተያያዙ እንደ ደኑ ነበልባል በደቂቃ አያልፉም፤ ለረጅም ጊዜ እየነደዱ ዋናውን ቤት ያለማቋረጥ ያግላሉ። ከደኑ 30 ሜትር የራቀ ቤት ከጎተራው 3 ሜትር ብቻ ከራቀ፣ የመጀመሪያው ርቀት ምን ይፈይደዋል?

ጥንቃቄው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በግድግዳው ዙሪያ እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የሚነድ ነገር አለማኖር፣ ማገዶንና ጭድን ቢያንስ 10 ሜትር ማራቅ፣ እስከ 30 ሜትር ያለውን ደረቅ ሣርና ቁጥቋጦ መመንጠር፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችን ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት መሸፈን ተገቢ ነው። ለጎተራውና ለበረቱም እንደ ቤቱ ይደረግላቸው።

ጢሱ ከታየ በኋላ ጊዜው ነፍስን የማዳኛ እንጂ ግቢን የማጽጃ አይደለም። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በጋው ሳይጠና ሜትር ይዛችሁ ግቢያችሁን ዙሩ፤ ከግድግዳው እስከ ቅርቡ ደረቅ ነገር ያለውን ርቀትም ለኩ።