ስለ ተንቀሳቃሽ ሙዚቃ ማጫወቻ ተጓዳኝ ዕቃዎች አፈታተን

በጉለሌ፥ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባሉት ሱቆች፥ የጆሮ ማዳመጫ፥ ቻርጀር፥ ሚሞሪ ካርድና ትንንሽ ስፒከር ከስኳርና ከሳሙና ጎን ተደርድሮ ማየት የተለመደ ነው። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ዋጋውም ለየብቻ ሲታይ ከባድ አይደለም። ነገር ግን ባለሱቁ ከመርካቶ በደርዘን ገዝቶ ያመጣው ማዳመጫ በሳምንቱ አንዱ ጆሮ ዝም ቢል፥ ደንበኛው ተቈጥቶ የሚመለሰው ወደ አስመጪው ሳይሆን ወደ ባለሱቁ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መፈተን ድካሙ ጥቂት፥ የሚያድነው ገንዘብና ስም ግን ብዙ ነው።

ሙዚቃን ይዞ የመሄድ ልማድ አዲስ አይደለም። ፊሊፕስ የካሴት ክርን እ. ኤ. አ. በ1963፥ ሶኒም ዎክማንን በ1979 ለገበያ አቅርበዋል። በአዲስ አበባም ከ1969 ጀምሮ አምሐ እሸቴ ያሳትመው የነበረው ሸክላ ቦታውን ኋላ ለካሴት ለቀቀ። በዚያን ጊዜ የባለሱቁ ተፈላጊ ዕቃ የባትሪ ድንጋይ ነበረ። ዛሬ ዘፈኑን የሚይዘው የእጅ ስልክ ወይም አነስተኛ ማጫወቻ ስለ ሆነ የተጓዳኙ ዕቃ ዓይነት በዝቷል፤ የማታለያውም መንገድ እንዲሁ።

1ኛ/ የጆሮ ማዳመጫ። የተለመደው መሰኪያ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ማይክሮፎን የሌለው ሁለት፥ ማይክሮፎን ያለው ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው። ባለ ሦስቱም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በአንደኛው የማይክሮፎኑና የጋራው መስመር ቦታ ከሌላው ጋር የተለዋወጠ ነው። መሰኪያውና ስልኩ ሳይስማሙ ሲቀሩ የዘፋኙ ድምፅ የራቀና የታፈነ ይመስላል፤ የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙት ግን ይስተካከላል። ይህ ምልክት ዕቃው አለመስማማቱን እንጂ መሰበሩን አያሳይም። ለፈተና ሁልጊዜ አንድ የታወቀ ዘፈን መጠቀም ይሻላል። የከበሮው ምት ሳይሻክር፥ የማሲንቆው ድምፅ ጆሮ ሳይወጋ፥ ቃሉ በሁለቱም በኩል እኩል ከተሰማ ደኅና ነው። ዘፈኑ እየተጫወተ ሳለ ገመዱን በመሰኪያው አጠገብና በሚከፈልበት ቦታ ቀስ ብሎ ማጠፍ ይገባል፤ ድምፁ ቢቆራረጥ ሽቦው ውስጡን ላልቷል ማለት ነው።

2ኛ/ ቻርጀርና ፓወር ባንክ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ቻርጀር ይቃጠላል፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ግን ይስማማል። አንድ ሰዓት ያህል ሠርቶ እጅ የማያስችል ግለት ካለው ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ለሽያጭ መቅረብ የለበትም። በፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለካው በውስጡ ባለው ባትሪ ቮልት፥ ማለትም በ3.7 ነው። ወደ 5 ቮልት ሲለወጥ ሒሳቡ ወደ 7,400 ይወርዳል፤ በመለወጡ የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህን ለገዢው አስቀድሞ የሚነግር ነጋዴ ከክርክር ይድናል።

3ኛ/ ሚሞሪ ካርድ። ከሁሉ የከፋው ማታለል በዚህ ዕቃ ላይ ይገኛል። አንዳንዱ ካርድ 64 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበት፥ በኮምፒዩተርም ላይ እንደዚያው እየታየ፥ በእውነቱ የሚይዘው 8 ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ የተጫኑት ዘፈኖች በደኅና ይሰማሉ፤ ከልኩ በላይ የተጨመሩት ግን ይጠፋሉ ወይም ይበላሻሉ። ስለዚህ ጥቂት ዘፈን ጭኖ ማዳመጥ ፈተና አይባልም፤ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ በየስፍራው የተቀመጡትን፥ ይልቁንም የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ፈተናው ከጥንቃቄም በላይ ሕግ የሚደግፈው ነገር ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ነገር ግን ገዢው ዕቃውን ለመመርመር በተመቸው ጊዜ ወዲያው እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ካርቶኑን ሳይከፍት ወራት ያሳለፈ ባለሱቅ መብቱን በገዛ እጁ ያዳክማል። ከየካርቶኑ ጥቂት ፍሬ አውጥቶ፥ ቢቻል ሻጩ ባለበት መሞከር፥ የተበላሸውን ቍጥር ከነቀኑ በጽሑፍ መያዝና ደረሰኙን አብሮ ማስቀመጥ በቂ ማስረጃ ይሆናል።

ለአስመጪው ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ብዙ ወርዷል። የማይሠራ ዕቃ የሞላበት አንድ ካርቶን በውድ የተገኘ ምንዛሪ የባከነበት ካርቶን ነው፤ ከጅቡቲ መልሶ ወደ መጣበት መላኩም ከዋጋው በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዙን ከማጽደቁ በፊት ናሙና አስልኮ ቢፈትን፥ ጅምላ ሻጩ በመጋዘኑ ቢደግመው፥ የጉለሌው ባለሱቅም ገዢው ፊት ዘፈን አጫውቶ ቢያስረክብ፥ ኪሣራው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከባለል በመጨረሻ ሸማቹ ላይ አይወድቅም።