ብዕሩን አስቀምጦ መሪ የጨበጠ ሰው

በአገራችን ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ምኞቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ልጁ ተምሮ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ሥራ እንዲይዝለት ነው። ስለዚህ አንድ የቤተ ሰብ አባት በዐርባዎቹ ዕድሜው ከጠረጴዛው ተነሥቶ «የጭነት መኪና ልንዳ» ቢል፥ ዘመድም ጎረቤትም «ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። እኔም እንዲህ ካሉት ሰዎች አንዱ ስለ ነበርሁ፥ ከዚያ በኋላ ያየሁትን ደግሞ መናገር ይገባኛል።

ሰውዬው የልጅነት ባልንጀራዬ ነው፤ ስሙ እንዲጻፍ ግን አልፈቀደም። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል 19 ዓመት አገልግሏል። ሥራውም ከወደብ የሚገባውን ዕቃ ሚዛንና ዋጋ በመዝገብ ማስፈር ነበር። ዕድሜው 44 ዓመት በሆነ ጊዜ፥ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤቱ ቡና ስንጠጣ፥ «ሥራዬን ልለቅ ነው፤ ተሳቢ መንዳት እማራለሁ» አለኝ። የቤት ኪራይ የደመወዙን እኩሌታ እንደሚወስድበት፥ ሁለቱ ልጆቹም ወደ ከፍተኛ ክፍል በመድረሳቸው ወጪው እንደ በዛበት ዘረዘረልኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ደግሞም 19 ዓመት ሙሉ የጻፍሁትን ዕቃ አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ አላየሁትም» ብሎ ጨመረ።

እኔም፥ «ይህን ሁሉ የተማርኸው ጎማ ልትፈታ ነውን?» ብዬ ተቈጣሁት። እርሱ ዝም አለ። ባለቤቱ ግን ሲኒውን እየሰበሰበች፥ «መምህር፥ ጎማስ ይፈታ፤ ብቻ ትዳር አይፍታ» አለች። ከአነጋገርዋ መፍራትዋንም መፍቀድዋንም ተረዳሁ።

ከቤቴ ገብቼ የተናገርሁትን ሳስበው አፈርሁ። በእጁ የሚሠራን ሰው መናቅ የቈየ በሽታችን ነው። ሸማኔውን፥ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም ስንጠራ ኖረናል፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስለዚህ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይተዳደር እንደ ነበር በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማስተምር ሰው፥ በወዳጄ ጎማ መፍታት ማፈሬ የሚያስገርም ነው።

ወዳጄ ግን ያሰበውን አደረገ። ከባድ ተሳቢ የሚያስነዳው መንጃ ፈቃድ በአንድ ጊዜ የሚገኝ አይደለም፤ ከቀላሉ ተነሥቶ ልምድ እያካበቱ በየደረጃው መውጣትን ይጠይቃል። በዚህም ጊዜ በጋራዥና በመንገድ በረዳትነት ሠራ፤ ክሪክ አነሣ፥ ጎማ ለወጠ፥ ከመኪና ሥር ተኝቶ ባሌስትራ አጠበቀ። ያሠለጠነው ሹፌር የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ወጣቱም ቍልቍለት በደረሱ ቍጥር፥ «ጋሼ፥ ፍሬኑን አይርገጡት እንጂ! በማርሽ ይያዙት!» እያለ ይጮኽበት ነበር። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ፥ «በመሥሪያ ቤታችን በ19 ዓመት እንደዚያ የተጮኸብኝ ጊዜ የለም፤ እንደዚያም የተማርሁበት ጊዜ የለም» አለኝ።

አሁን የሚመላለስበት መንገድ የጅቡቲ መንገድ ነው። ቀድሞ ከአገራችን ጭነት ብዙው በአሰብ በኩል ይገባ ነበር፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የኤሌክትሪክ ባቡር ቢኖርም፥ ከጭነቱ የሚበዛውን ዛሬም የሚያመላልሰው መኪና ነው። መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ፥ በአዳማ፥ በመተሐራ፥ በአዋሽ፥ በገዋኔ፥ በሚሌና በሰመራ አልፎ፥ በጋላፊ ኬላ ድንበሩን ተሻግሮ፥ ከባሕር ዳር ይደርሳል። ከደጋ ብርድ የተነሣ ሹፌር በአፋር ቆላ ሙቀት በሚበረታበት ወራት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ይጠብቀዋል።

ባለፈው የትምህርት ዕረፍት ከአዳማ እስከ አዋሽ አብሬው ሄድሁ። ሳይነሣ በፊት መኪናውን ዙሪያውን ዞረው፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት ዘንግ መታ መታ አድርጎ ድምፃቸውን አዳመጠ፤ የተሳቢውን መያዣና የኮንቴነሩን ማሠሪያ በእጁ ፈተሸ። ከዚያ በኋላ ጋቢና ገብቶ አማተበና ተነሣ። ከመተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ እስከ መንገዱ ጠርዝ ተኝቶ ስናይ፥ ሐይቁ እየሰፋ በመሄዱ መንገዱን ከፍ ማድረግ እንዳስፈለገ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ግመልና ከብት ሳይታሰብ ይሻገራል፤ እርሱም ገና ከሩቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። «ከብቱ መንገድ አያውቅም፤ ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ» ይላል።

እኔ የሒሳብ መምህር እንደ መሆኔ መጠን በልቤ ማስላት ጀመርሁ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ነጂው ሦስት ሴኮንድ ብቻ ቢያንቀላፋ መኪናው 66 ሜትር ያለ ሰው ሄደ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ በፍሬን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ይህንን በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ የገባኝ ግን ብዙ ኩንታል ከኋላዬ ተጭኖ ቍልቍለት ስንወርድ ነው።

ወዳጄ ራሱ ያንን ሒሳብ አንድ ሌሊት ሊከፍለው ነበር። ከገዋኔ በታች ሲሄድ እንቅልፍ አሸለበው፤ ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠሩ ሲንኳኳ ነቃ። በሰውም በዕቃም ላይ ጉዳት አልደረሰም። እርሱ ግን መኪናውን አቁሞ እስኪነጋ ድረስ እጁ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ አይነዳም፤ ዕቃው ዘገየ ብለው ቢቈጡት ቍጣውን ይችላል። እንቅልፍን በጫት የሚያባርሩም አሉ፤ ጫት ግን እንቅልፍን ያቆየዋል እንጂ ዕዳውን አይሰርዘውም። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ይህን ሥራ በሚሠሩበት በአሜሪካ፥ ሹፌር አሥር ሰዓት ካላረፈ በቀር 11 ሰዓት እንዲነዳ ሕጉ አይፈቅድለትም። በአውሮፓም አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሁሉ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው። እንዲህ ያለ ሕግ የሚወጣው ሰው ለገንዘብ ሲል ድካሙን እንደሚክድ ስለሚታወቅ ነው።

የዚህ ሥራ ዋጋ በመንገድ ላይ ብቻ የሚከፈል አይደለም። ባለቤቱ እንዲህ አለችኝ፤ «መምህር፥ ታናሽዋ ልጅ በሌሊት ትኩሳት ሲይዛት እርሱ ጋላፊ ሰልፍ ላይ ነበር። ብቻዬን አዝዬ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ስልክ ብደውልለት ምን ያደርግልኛል? ጭንቀቱን ይዞ እንዳይነዳ ብዬ እስኪሻላት ድረስ አልነገርሁትም።» ለካ እርሱ በሌለበት ሳምንት የቤቱን መሪ የምትይዘው እርስዋ ናት። በጾም ወራት በመንገድ የሚበላው እንዳያጣ በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅታ የምትሰደውም እርስዋ ናት።

ታላቁ ልጅ ደግሞ የእኔ ተማሪ ነው። አባቱ ሥራ በለወጠ ዓመት በመመዝገቢያው ወረቀት «የአባት ሥራ» በሚለው መስመር ላይ «የቢሮ ሠራተኛ» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ልገሥጸው አሰብሁና ተውሁት፤ ያን ኀፍረት ያስተማርነው እንደ እኔ ያሉ ታላላቆቹ ነንና።

እንግዲህ ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚህ ዕድሜ ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ቢኖር፥ ወዳጄ በመከራ ያገኘውን ምክር ላካፍለው። አንደኛ፥ አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ዓይኑን፥ የደም ግፊቱንና ስኳሩን ይመርመር፤ ሙሉ ቀን መቀመጥ ወገብን ይጎዳል፥ የተደበቀ በሽታንም ያባብሳል። ሁለተኛ፥ ገቢውን ከባለቤቱ ጋር ሆኖ በወረቀት ያስላ። የመንገድ አበል ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ምግብና ማደሪያ ይበላዋል፤ መኪና የተበላሸበትና ወደብ ላይ ሲጠብቁ የሚውሉበት ወርም አለ። ሦስተኛ፥ ከቤቱ የሚውልበትን ቀን አስቀድሞ ለይቶ ይስማማ፤ የተስማማበትንም ያክብር። አራተኛ፥ በዕድሜ ከሚያንሰው ሰው ለመማር የማይፈቅድ ከሆነ ከጠረጴዛው አይነሣ። ቤተ ሰቡም በበኩሉ ሹፌሩ ከመንገድ ሲገባ የቤቱን ችግር ሁሉ በደጅ አይቀበለው፤ መጀመሪያ ይተኛ።

ወዳጄን ዛሬ፥ «አልተጸጸትህም?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ሰመራ ላይ በቀትር ጎማ ሲፈነዳብኝ እጸጸታለሁ፤ ዕቃውን ሳራግፍ ግን እረሳዋለሁ» ብሎ ይስቃል። ኪራዩ በጊዜው ይከፈላል፤ የልጆቹም ትምህርት አልተቋረጠም። ከወገቡ ግን ሕመም አልጠፋም፤ ባለቤቱም ስልክ በሌሊት ሲጮኽ ዛሬም ትደነግጣለች።

በክረምቱ ታላቁን ልጅ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይዞት ሄዶ ነበር። ልጁም ኮንቴነሩ በክሬን ከአባቱ መኪና ላይ ሲነሣ ቆሞ አየ። በዘንድሮው ምዝገባ ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ፤ እኔም ዓይኔን ወደዚያች መስመር ላክሁ። በደማቅ ጽሕፈት «የከባድ መኪና ሹፌር» ይላል። ምንም ሳልናገር ተቀብዬ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አኖርሁት።