ስልክ ሲረክስ ማን አተረፈ? ማንስ ከሰረ?

የመንደር ሱቅ ከሚሸጣቸው ሸቀጦች መካከል እንደ ስልክ በአጭር ጊዜ መልኩን የለዋወጠ የለም። ስኳሩ ያው ስኳር፣ ሳሙናው ያው ሳሙና ነው። ስልክ ግን ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሌላ ሸቀጥ ሆኗል። መጀመሪያ በደቂቃ ተሸጠ። ቀጥሎ በሚፋቅ ካርድ ተሸጠ። አሁን ደግሞ ገዢው ከሱቁ ደጃፍ ሳይደርስ ከእጅ ስልኩ ላይ ይገዛዋል። ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከአጠና ተራ እስከ ቤቴልና ዓለም ባንክ ድረስ ባለው የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በእያንዳንዱ ለውጥ የደዋዩ እጅ ሲረዝም የቸርቻሪው ድርሻ አጥሯል።

እንደሚታወቀው በአገራችን የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ የተዘረጋው የመጀመሪያው ኔትወርክ አቅም 36,000 መስመር ገደማ ነበር። ሲም ካርድ የሚገኘው በምዝገባና በወረፋ ስለነበረ ሞባይል መያዝ የባለ ሀብትና የባለ ሥልጣን ምልክት ሆኖ ቆየ። ተራው ሰው የሚደውለው ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው የገመድ ስልክ ነበር። ባለ ሱቁ ሰዓቱን እያየ በደቂቃ ያስከፍላል። ከሚከፍለው የወር ሒሳብ በላይ የሚተርፈው ገንዘብም ለብዙዎች የቤት ኪራይ መሸፈኛ ነበር።

ይህን ንግድ የገደለው የአቅርቦት መጨመር ነው። የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ኩባንያ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የማስፋፊያ ስምምነት ከፈረመ በኋላ ሲም ካርድ ብርቅነቱ ቀረ። ኮርፖሬሽኑ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሲባል ሞባይል በየቤቱ ገብቶ ነበር። በሱቅ ስልክ የሚደውል ሲጠፋ ባለ ሱቁ መደርደሪያውን ለካርድ ለቀቀ።

የካርዱ ዘመን

የሚፋቀው ካርድ ከሱቅም አልፎ ለጎዳና ነጋዴው እንጀራ ሆነ። የሊስትሮ ሣጥን የያዘ ልጅ፣ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞር ወጣት፣ በታክሲ መጫኛ አጠገብ የቆመች እናት ሁሉ ካርድ ያዙ። ሥራው መነሻ ገንዘብ እንጂ ቦታም ሆነ ሚዛን አይጠይቅም። አከፋፋዩ በብዛት በቅናሽ ይረከባል፣ ለጅምላ ነጋዴው ያስተላልፋል፣ የመጨረሻው ቸርቻሪ የሚያገኘው ከካርዱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ጥቂት ሳንቲም ነው። ትርፉ የሚገኘው ከዋጋው ሳይሆን ከብዛቱ ነበር።

በዚያ ዘመን ዋጋውን የሚያወጣው አንድ ሻጭ ብቻ ነበር። በመሆኑም ሸማቹ ራሱን በራሱ አስተማረ። ሚስድ ኮል አድርጎ መዝጋት፣ በ*807* ‹‹መልሰህ ደውልልኝ›› ብሎ መላክ፣ ከዘመድ በ*806* ሒሳብ መቀበል ሁሉ የድሃ አገር የስልክ ኢኮኖሚ ጥበቦች ናቸው። የመጀመሪያው ትልቅ የዋጋ ቅናሽ የመጣው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። ወይዘሪት ፍሬሕይወት ታምሩ ኩባንያውን መምራት በጀመሩ ማግሥት የሞባይል የድምፅ ታሪፍ በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ በ43 በመቶ ወረደ።

ሁለት ሲም በአንድ ኪስ

ውድድር የገባው ዘግይቶ ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ከተቋቋመ በኋላ መንግሥት ሁለት አዲስ ፈቃዶችን ለጨረታ አቀረበ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር አንዱን ወሰደ። የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር ዝቅተኛ ነው ተብሎ ሁለተኛው ፈቃድ በዚያ ጨረታ ሳይሰጥ ቀረ። ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ በኋላ በሸማቹ ኪስ ውስጥ የሆነው ለገበያ ተመልካች ትምህርት ይሰጣል። ተጠቃሚው አንዱን ጥሎ ሌላውን አልያዘም። ሁለት ሲም በሚወስድ ስልክ 09ንም 07ንም ያዘ። በአንዱ ጥቅል ገዝቶ ይደውላል፣ በሌላው ኢንተርኔት ይከፍታል፣ ቅናሽ ያወጀውን ያስቀድማል። ስለሆነም ኢትዮ ቴሌኮም በሰኔ 2017 ዓ.ም. ከ83 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉኝ ሲል፣ ሳፋሪኮምም ከ10 ሚሊዮን ማለፉን ሲገልጽ፣ ሁለቱን ደምሮ ይህን ያህል ሰው ስልክ አለው ማለት አይቻልም። የተቆጠረው መስመር እንጂ ሰው አይደለም።

ውድድሩ ዋጋን እስከ መጨረሻው ያላወረደበት ምክንያትም አለ። ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ሲደወል ደዋዩ ያለበት ኩባንያ ለተቀባዩ ኩባንያ በደቂቃ ሒሳብ ይከፍላል። ይህ ክፍያ ለዋጋው ወለል ይሆናል፤ ከዚያ በታች የሚሸጥ ኩባንያ በእያንዳንዱ ጥሪ ይከስራል። አብዛኛው ደንበኛ ትልቁ ኩባንያ ዘንድ ሲሆን ደግሞ የአዲሱ ኩባንያ ደንበኛ የሚደውለው በብዛት ወደዚያው ነው። ወለሉ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ለአዲስ ገቢው ነው።

የቀን ጥቅል ሒሳብ

የአጠና ተራ የቀን ሠራተኛ ዘይት በስኒ፣ ቡና በሩብ ኪሎ እንደሚገዛ ሁሉ ስልክንም በቀን ጥቅል ይገዛል። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። ከስኒው የተረፈው ዘይት ለነገ ይቆያል፤ የቀን ጥቅል ግን ጊዜው ሲያልፍ ያልተጠቀሙበት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሸማቹ የሚከፍለው ለመጠኑ ብቻ ሳይሆን ለጊዜውም ነው። በማስታወቂያ ላይ ርካሽ የሚመስለው ጥቅል በትክክል የሚረክሰው ሙሉ በሙሉ ለተጠቀመበት ሰው ነው። በመካከሉ መብራት ቢጠፋበት፣ ሥራ ቢይዘው፣ ኔትወርክ ቢደክም ኪሣራው የእሱ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን በታዳጊ አገሮች የመነሻ ኢንተርኔት ዋጋ ከአማካይ የወር ገቢ 2 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ አስቀምጧል። አማካይ ግን ቤቴል ባለ ፎቅ ያሠራውንና አጠና የሚሸከመውን አንድ ላይ የሚደምር ቁጥር ነው። ለሁለተኛው ሰው ዋናው ወጪ ከጥቅሉ ይልቅ ስልኩ ራሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ60 ብር በታች የነበረው የዶላር የባንክ ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ስልክም ሆነ በአገር ውስጥ የሚገጣጠም ስልክ ክፍሎቹ የሚገዙት በዶላር ነው። የኔትወርክ መሣሪያም እንዲሁ። ገቢያቸው በብር፣ ወጪያቸው በዶላር የሆነ ኩባንያዎች ለዘለቄታው ዋጋ እያወረዱ ይሄዳሉ ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

የሱቁ ሦስተኛ ለውጥ

ካርዱን ከመደርደሪያ እያስነሳ ያለው ቴሌብር ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ አገልግሎት ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢዎች አሉት። ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከትሏል። ተጠቃሚው በራሱ ስልክ ጥቅል ሲገዛ ኩባንያው የካርድ ማሳተሚያና ማከፋፈያ ወጪ ይቀርለታል፣ ከዚያም ለገዢው ስጦታ ይጨምርለታል። ይህ ስጦታ በከፊል ቀድሞ በአከፋፋይ፣ በጅምላ ነጋዴና በቸርቻሪ መካከል ይከፋፈል የነበረው ገንዘብ ነው።

ለባለ ሱቁ አንድ በር ተከፍቶለታል፤ ወኪል ሆኖ ገንዘብ መቀበልና መክፈል። ለዚህ ግን የንግድ ፈቃድ፣ ቋሚ ቦታና በእጅ የሚቆይ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። ባለ ሱቁ ሊያሟላው ይችላል። ሊስትሮው ግን አይችልም። ካርዱ ማንም በጥቂት ብር የሚገባበት ገበያ ነበር፤ ወኪልነት ግን ደጃፍ ያለው ገበያ ነው። በሦስተኛው ለውጥ የሚከስረውን ለማወቅ ከሱቁ መደርደሪያ ይልቅ የታክሲ መጫኛውን ማየት ይበጃል።

ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የድርሻውን 10 በመቶ፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሕዝብ ለሽያጭ አቅርቧል። ለመግዛት ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ከእንግዲህ የትርፍ ድርሻ የሚጠብቁ ባለ አክሲዮኖች፣ ርካሽ ጥቅል የሚጠብቁ ደንበኞችና ኮሚሽን የሚጠብቁ ወኪሎች ከአንድ ገበታ ይካፈላሉ ማለት ነው። ማን ስንት እንደሚቆርስ የሚወስነው ቅናሽ የሚታወጅበት ማስታወቂያ አይደለም። የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በኔትወርኮች መካከል የሚከፈለው የደቂቃ ሒሳብ፣ ያልተጠቀሙበት ጥቅል ዕጣና የወኪሉ ኮሚሽን። ሦስቱም የባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱን ወይም የብሔራዊ ባንክን ዓይን የሚሹ ናቸው። የኮልፌ ሸማችና ቸርቻሪ ከዋጋው ሰሌዳ ይልቅ እነዚህን ሦስቱን ቢከታተሉ ያተርፋሉ።