ኤች አይ ቪን አስቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ የቸገረው እፍረቱ ነው

ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ከሆነ በሐደራ ያለው ማኅበረሰባችን ዛሬ በግልጽ ያወራል። ቡና ላይ ተቀምጦ «ስኳርሽ ስንት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ስለ ኤች አይ ቪ ሲሆን ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ወሬውም ይቀየራል። ዝምታው የሚሸፍነው አንድ መልካም ዜና አለ፦ ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደው መድኃኒት ከተገኘ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል።

መድኃኒቱ ፕረፕ ይባላል። አሜሪካ በ2012 ፈቅዳዋለች፤ በእስራኤልም በሐኪም ማዘዣ ይገኛል። ቴኖፎቪርና ኤምትሪሲታቢን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶችን አንድ ላይ የያዘ ክኒን ነው እንጂ ክትባት አይደለም። ኤች አይ ቪ ለመራባት ነጭ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ራሱን መቅዳት አለበት። መድኃኒቱ ቀድሞ እዚያ ከጠበቀው ቅጂው ይቋረጣል፣ ቫይረሱም ሥር ሳይሰድ ይቀራል። በትክክል ሲወሰድ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የመያዝን አደጋ በ99 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ውጤት

በኬንያና በኡጋንዳ 4,747 ጥንዶች የተካፈሉበት ጥናት ነበር። ከሁለቱ አንዱ ቫይረሱ አለበት፣ ሌላው የለበትም። ክኒኑን በወሰዱት ዘንድ የመያዝ አደጋው በ75 በመቶ ቀነሰ። ቮይስ በተባለው ሌላ ጥናት ደግሞ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ከ5,000 በላይ ሴቶች ተካፈሉ፤ እዚያ ግን ክኒኑ ምንም ለውጥ አላመጣም። ለምን? ደማቸው ሲመረመር አብዛኞቹ መድኃኒቱን አልወሰዱም ነበር። በኋላ ሲጠየቁ አንዱ ምክንያት ሰው ክኒኑን አይቶ «በሽታው አለባት» እንዳይላቸው መፍራታቸው ነበር። ጥንዶቹ ጉዳዩን አብረው ያውቁ ነበር፤ ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ ግን ክኒኑን ይደብቁ ነበር። መድኃኒቱን ያሸነፈው እፍረት ነው።

የእኛ ሰው ደግሞ የሚፈራበት የራሱ ምክንያት አለው። ማገን ዳቪድ አዶም የኢትዮጵያ ተወላጆችን ደም ተቀብሎ ኤች አይ ቪን በመፍራት ሲደፋ መኖሩ በጃንዋሪ 1996 ተጋለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ወጥተው ጮኹ። ያ ቁስል ገና አልሻረም፤ «ይህን መድኃኒት ብጠይቅ ምን ይሉኛል?» የሚል ሰው ቢኖር አይገርምም። ነገር ግን በዚያው በ1996 የታካሚ መብት ሕግ ወጥቷል። ለሐኪም የተነገረ ምስጢር ነው። ለአማት፣ ለጎረቤት፣ ለአለቃ አይነገርም።

ለማን ይሆናል?

የትዳር ጓደኛው ወይም ፍቅረኛው ቫይረሱ ላለበትና ሕክምናው ቫይረሱን ገና ላላወረደው፣ ከተለያዩ ሰዎች ጋር ያለ ኮንዶም ግንኙነት ለሚያደርግ፣ ከወንድ ጋር ግንኙነት ለሚያደርግ ወንድ፣ መርፌ ለሚጋራ። ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሲሆን ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይህንንም ባለትዳሮች ማወቅ አለባቸው።

ከመጀመር በፊት የኤች አይ ቪ፣ የኩላሊትና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በየ3 ወሩ ክትትል አለ። ለሴቶች ሙሉ መከላከያ እስኪሰጥ 3 ሳምንት ያህል ሊወስድ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት የሚሰማው አለ፤ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ቂጥኝን፣ ጨብጥንና እርግዝናን አይከላከልም፤ ስለዚህ ኮንዶም ቦታውን አይለቅም። አደጋው ደርሶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሕክምና አለ፦ በ72 ሰዓት ውስጥ ሚዩን መድረስና 28 ቀን መድኃኒት መውሰድ። ባይነጋ ይሻላል፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይጠቅማል።

ክኒን መደበቅ ለሚከብደው በዓመት 2 ጊዜ የሚወጋ ሌናካፓቪር የተባለ መርፌም መጥቷል። በ2024 በወጣው ጥናት መርፌውን ከወሰዱ 2,134 የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። አሜሪካ በጁን 2025 ፈቅዳዋለች።

የት ይጠየቃል?

በኩፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪምን መጠየቅ ይቻላል። ስም ሳይናገር መመርመር የሚፈልግ ቴል አቪቭ ሌቪንስኪ ክሊኒክ ይሄዳል። ቋንቋ ከቸገረ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅዎን ግን ለዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ አያድርጉ። ሐደራ ይህን መንገድ ታውቀዋለች፦ ከሂሌል ያፌ ሆስፒታል ዶክተር አናት ያፌ ከማኅበረሰቡ ሰዎች ጋር በ1998 የመሠረተችው ጤነ ብሪዩት ስለ ስኳር በሽታ በአማርኛ ማስተማርን ሥራው አድርጎ ኖሯል። ስኳር ከነውር ወጥቶ የቡና ወሬ የሆነው ሰው በገዛ ቋንቋው ደጋግሞ ስለሰማው ነው። ለኤች አይ ቪም ከዚህ የተለየ መድኃኒት የለም። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ፕረፕ ለእኔ ይሆናል ወይ?»