ሃምሳው ሎሚ፦ የሰፈራችን ችግር የማን ነው?

የሻዓራይም እናቶችና አባቶች፣ እኔ በሬቫሃ ክፍል የምሠራ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። የተወለድኩት እዚሁ አገር ነው፤ አማርኛውን የተማርኩት ከአያቴ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም እሳቸው ቤት ስለሆነ ነገር ነው።

ባለፈው ክረምት አያቴ በሚኖሩበት ሕንፃ የደረጃው መብራት ጠፋ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሁሉም ግድግዳውን እየዳበሰ ይወጣል፣ እየዳበሰ ይወርዳል። አንድ ማታ ከላይኛው ፎቅ ያሉ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሊጠይቅ የመጣው ጎረቤት ሁሉ «ሌላ ሰው የነገረ መስሎኝ!» ይል ነበር። አያቴም እንደዚያው አሉ። ከመካከላቸው ክፉ ሰው የለም። ግን አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ማንም ሳይናገር ቀረ።

«አገር ቤት እንዲህ አይሆንም ነበር» ይላሉ አያቴ። አጨዳ ሲደርስ ጎረቤት በደቦ ይወጣል። ለቅሶ ሲሆን ማን እንጨት እንደሚያመጣ፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ ይታወቃል። እዚህ ግን የቱ ሥራ የማን እንደሆነ ስለማናውቅ ነገሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ በአጭሩ ላስረዳ።

ደረጃው፣ የመግቢያው በርና ጣሪያው የሕንፃው ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ንብረት ነው። በ1969 የወጣው የመሬት ሕግ እያንዳንዱ የቤት ባለቤት ለጋራው ክፍል ማደሻ ድርሻውን እንዲያዋጣ ያዛል። ገንዘቡን ሰብስቦ የሚያሠራው ቫዓድ ባይት ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራያችሁ ንገሩ።

የመንገድ መብራት፣ የተሰበረ የእግረኛ መንገድ፣ ያልተነሳ ቆሻሻ የዒሪያ ሥራ ነው። ወደ 106 ይደወላል። የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ተናግራችሁ፣ የጥያቄውን ቁጥር ተቀብላችሁ ከነቀኑ ጻፉት። መልስ ከዘገየ ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ እንደገና ደውሉ።

ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ከቤት መውጣት ካቆመ ደግሞ ለእኛ ለሬቫሃ ንገሩን። የሚኒስቴሩ የስልክ መስመር 118 ነው። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ግን መጀመሪያ 101 አምቡላንስ ጥሩ።

«እኔ ዕብራይስጥ አልችል፣ ምን ላደርግ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ልጆቻችሁ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሰፈሩን የምታዩት እናንተ ናችሁ። የትኛው መብራት እንደጠፋ፣ የማን መስኮት ሳይከፈት እንደዋለ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ማየቱ የእናንተ፣ መደወሉ የልጅ ልጅ ይሁን። ኃላፊነትን መካፈል ማለት ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ይሥራ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚችለውን ይያዝ ማለት ነው።

ይህ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። በ1985 በበዓላቱ ሰሞን ወገኖቻችን ይሁዲነታችን አይጠርጠር ብለው ኢየሩሳሌም በዋናው ረባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠዋል። ምናልባት ከእናንተም መካከል እዚያ የነበራችሁ ትኖራላችሁ። ያኔ አብዛኛው ሰው አዲስ ገቢ ነበር፤ ቋንቋውንም ገና አልለመደም። ሁሉም ነገር በዚያ ወር አልተፈታም፤ ግን አብረው ስለተቀመጡ አገሩ በሙሉ ሰማቸው።

ሻዓራይምንም ቢሆን የመሠረቱት ከየመን የመጡ ስደተኞች ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በረሆቮት የወይንና የፍራፍሬ እርሻ በቀን ሥራ እየደከሙ ሰፈር ያቆሙ ሰዎች ናቸው። የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ደረጃውም የጋራችን ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አንድ ሰው ብቻውን ሲደውል ይሰለቻል። ከአምስት ቤት አምስት ሰው ሲደውል ግን የሰፈር ጥያቄ ይሆናል። በዚህ ሳምንት አንድ ጎረቤት አንኳኩና «ምን የተበላሸ ነገር አለ? ማን ይናገር?» ተባባሉ። «ሌላው ነግሯል» ብላችሁ ግን አትለፉ።

በአያቴ ሕንፃ አሁን የወር ተራ አለ። በዚህ ወር ተረኛዋ እሳቸው ስለሆኑ በየማታው ይደውሉልኛል፦ «ልጄ፣ መብራቱ በርቷል፤ እናቲቱም ቀስ እያሉ መውጣት ጀምረዋል።»